ዋሷን የጻፈች ሴት

ኦክላንድ፣ ቴሜስካል አካባቢ ኖሮ የወርቅውሃን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ልጅ ያላሳደገ መሆን አለበት። ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው የኪራይ ቤቷ ዴይ ኬር ከፍታ፣ ስንቱን ልጅ ዳይፐር ከመቀየር አንስታ ስሙን መጻፍ እስኪችል ድረስ ይዛ ለትምህርት ቤት አስረክባለች። ልጆቹ ስሟ አልያዝ ሲላቸው «ዋዋ» ይሏታል። ዛሬም ድረስ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጢሙን ያጎፈረ ጎረምሳ «ዋዋ!» ብሎ ሲጠመጠምባት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። እሷም ፊቱን አገላብጣ አይታ፣ «አንተ ካሮቱን ምንጣፍ ሥር የምትደብቀው አይደለህም?» ትለዋለች። ስታም አታውቅም።

ኮቪድ የመጣ ጊዜ ወላጅ ሁሉ ከነልጁ ቤቱ ተከተተ። ከሁለት ሦስት ሕፃን በቀር የሚመጣ ጠፋ። አብረዋት የሚሠሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ሄለና የምትባል አራስ፣ ሌላዋ ማሪሶል የምትባል ባሏ ከሥራ የተቀነሰባት የጓቲማላ ሰው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ቢዝነስ ሁሉ ሠራተኛውን ሲያሰናብት የወርቅውሃ ሁለቱን አስቀምጣ፣ «ጭር ያለው ለትንሽ ጊዜ ነው። ማንም የትም አይሄድም» አለቻቸው። ደመወዛቸውንም ከክሬዲት ካርድ እያወጣች ከፈለች። አንዱ ካርድ ሲሞላ ሌላ አወጣች። ትንሽ ጊዜ ያለችው ከዓመት አለፈ።

ያኔ ለምን እንደዚያ አደረግሽ የሚላት ሰው ካለ ትቆጣለች። «አራስ ሴት በምን አንጀቴ ነው ሂጂልኝ የምላት?» ነው መልሷ።

ልጆቹ አንድ ሁለት እያሉ ሲመለሱ እሷም ካርዶቹን መክፈል ጀመረች። በዚያው ሰሞን የዕቁብ ዕጣ ወጣላት። ዕቁቡ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴሜስካል ባለ አንድ ምግብ ቤት የሚሰበሰቡ ሴቶች ዕቁብ ነው። ሰብሳቢዋ እትዬ የሺሃረግ ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ደንብ ከተነካ ለእናታቸውም የማይመለሱ ሴት ናቸው። ዕጣ የወጣላት ሴት ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት ዋስ መጥራት አለባት፤ ቀሪውን መዋጮ ሳትከፍል ብትቀር ዋሷ ትከፍላለች። የወርቅውሃ ፅጌረዳን ጠራች። ፅጌረዳና እሷ ኦክላንድ የገቡ ጊዜ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተው፣ አንዷ የቀን አንዷ የሌሊት ሥራ ስለነበራቸው አንድ አልጋ ላይ በፈረቃ የተኙ ጓደኛሞች ናቸው። ፅጌረዳ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ፈረመች።

በዕቁቡ ገንዘብ የወርቅውሃ ከካርዶቹ አንዱን ዘጋች፤ ተቆጣጣሪዎቹ ይጠገን ያሉትን የጓሮ አጥርም አሠራች። ለመስከረም ስድስት አዳዲስ ልጆች ተመዝግበውላት ነበር። ነሐሴ ላይ የጓሮውን ደረጃ ስትወርድ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ኦፕራሲዮን፣ ዎከር ተደግፎ መሄድ፣ ፊዚካል ቴራፒ። ወላጆች ሾርባም አበባም ይዘው ጠየቋት፤ ግን ሥራ ያለው ሰው እሷ እስክትድን ልጁን የት ያድርገው? አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱ። ዴይ ኬሩ ተዘጋ። ደህና መራመድ ስትጀምር ኦክላንድ አጠገብ ባለችው አልባኒ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ተቀጠረች። ደመወዙ ኪራይና ምግብ ሸፍኖ የዕቁቧን መዋጮ ያህል ነበር የሚተርፈው። ካርዶቹ ሳይከፈሉ ወር በወር ላይ ተደራረበ። ስልኩ ይጮኻል፣ አታነሳም። አንድ ቀን አንድ ሰው በሯን አንኳኩቶ የኮርት ወረቀት ሲሰጣት ደንግጣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ የካፍቴሪያው ኃላፊ ለብቻዋ ጠራቻትና ዓይኗን እየሸሸች፣ «ከሚቀጥለው ፔይቼክ ጀምሮ ከደመወዝሽ ይቆረጣል። የኮርት ትእዛዝ ነው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» አለቻት። የወርቅውሃ «እሺ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ቀን ለልጆቹ ሩዝ ስታድል ግማሹ ከሳህን ውጭ ፈሰሰ።

በማግስቱ ልጇ ሳሌም ከሳን ሆዜ መጣች። ሳሌም ነርሲንግ እየተማረች ግማሽ ቀን ትሠራለች። አማርኛ አንድም አያመልጣትም፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። መሳቢያው ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥታ ካነበበች በኋላ፣ «ማም፣ ባንክረፕሲ ፋይል ማድረግ ትችያለሽ» አለቻት።

«ከሰርኩ ብዬ ላውጅ?»

«ከስረሻል እኮ፣ ማም።»

የወርቅውሃ ሳቀች። ወራት ሙሉ ሰው ፊት ያልተባለው ቃል በልጇ አፍ እንደ አየር ጠባይ ሲወራ ስትሰማ አንድ ነገር ከትከሻዋ ላይ የወረደ መሰላት።

ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ጠበቃ ዘንድ አብረው ሄዱ። ሰውዬው ትሑት ነበር፤ አረጋግቶ አስረዳቸው። ቻፕተር ሰቨን የሚባለው መንገድ ንብረት የሌለው ሰው ገቢውንና ያለበትን ዕዳ ሁሉ በመሐላ አስመዝግቦ ነጻ የሚወጣበት እንደሆነ፣ ወረቀቱ የገባ ዕለት ከደመወዟ የሚቆረጠው እንደሚቆም ነገራቸው። ከዚያ የራሱን ዋጋ ተናገረ። ሳሌም ወዲያው ቦርሳዋን ከፈተች። እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ያ የትምህርትሽ ነው። ዝጊው።» ወደ ጠበቃው ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፦ «ጠበቃ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ራሳቸው የሚያስገቡ አሉ። ግን ከባድ ነው፣ ብዙው ሰው ይሳሳታል፤ ውድቅም ይደረግበታል።»

«ራሳቸው የሚያስገቡ አሉ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ግን...»

«አመሰግናለሁ» ብላ ተነሣች።

ቢሆንም የመጀመሪያዋ ሙከራ አቋራጭ ነበር። ዳሊ ሲቲ ውስጥ ታክስና የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞላ ህዝቅያስ የሚባል ሰው አለ፤ ጠበቃ አይደለም፣ ዋጋው ግን ረከስ ይላል ብለው ነገሯት። ሄደች። ህዝቅያስ ፊቱ ፈካ ያለ፣ እትዬ ሳይል ስም የማይጠራ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ እየጠየቀ መሙላት ጀመረ። ካርዶቹ አለቁ፣ የሆስፒታሉ አለቀ።

«ሌላ ዕዳ አለብዎት እትዬ የወርቅ?»

«የዕቁብ ቀሪ መዋጮ አለብኝ። ዋሴም አለች።»

ህዝቅያስ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። «ዕቁብማ ይተውት። ዕቁብ ወረቀት የለው፣ ደረሰኝ የለው፤ አሜሪካ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ከጻፉት ለነሱም ደብዳቤ ይሄዳል። ስምዎ ቴሜስካል ላይ ምን ሊሆን ነው? ዝም ብለው በጎን ይክፈሏቸው።»

«ሁሉንም ጽፌያለሁ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«በመሐላ?»

«እሱ እንኳን እንዲያው ወግ ነው።»

«ላንተ ነዋ ወግ» አለችና ወረቀቶቿን ሰብስባ ኮቷን ለበሰች። ህዝቅያስ ተከትሏት እስከ በሩ ወጣ፤ እውነትም ሊጠቅማት ያሰበ ይመስል ነበርና አልተቆጣችውም። ወደ ኦክላንድ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ ግን ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር። የጻፈች እንደሆነ ፅጌረዳ ታውቃለች። ያልጻፈች እንደሆነ ማንም አያውቅም። በባቡሩ መስኮት ላይ ፊቷን እያየች፣ «እኔስ?» አለች፤ ጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሜ ጠዋት ላይብረሪ መሄድ ጀመረች። ፎርሞቹን አትማ፣ አንዱን ጥያቄ ደጋግማ በለሆሳስ አንብባ፣ የማታውቀውን ቃል በስልኳ ፈልጋ፣ እንደገና ታነባለች። ያልገባትን በእርሳስ ታከብበዋለች። ኦክላንድ ውስጥ ጠበቃ ለሌለው ሰው በነጻ ምክር የሚሰጥበት ቦታ እንዳለ ሰምታ ተራ ይዛ ገባች። ያገኘቻት ጠበቃ ሽበታም ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ በእርሳስ የተከበበውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰችላት። የወርቅውሃ የዕቁቡን ነገር መጨረሻ ላይ አመጣችው። ዕቁብ ምን እንደሆነ ስታስረዳ ሴትዮዋ አቋረጠቻት።

«ገብቶኛል። አያቴም ከጎረቤቶቿ ጋር እንዲሁ ታደርግ ነበር። ስሚኝ፣ ያለብሽን ሁሉ ትጽፊያለሽ። ለሰብሳቢዋም ለዋስሽም ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። ከማስገባትሽ በፊት ለጓደኛሽ አድልተሽ መክፈል የለብሽም፤ ሌሎቹ ዕዳ ጠያቂዎች ሊያነሡት ይችላሉ።»

«እሷ ከባንክ ጋር እኩል ናት?»

«በዚህ ወረቀት ላይ እኩል ናት። አንቺ ከዕዳው ስትወጪ ግን እሷ ከዋስነቷ አትወጣም፤ ዕቁቡ እሷን ይጠይቃል።»

የወርቅውሃ እንባዋ መጣ። ሴትዮዋ ሶፍት አቀበለቻትና፣ «ዕዳሽ ከተሰረዘ በኋላ በገዛ ፈቃድሽ ለፈለግሽው ሰው ብትከፍዪ ማንም አይከለክልሽም። እስከዚያ ታገሺ» አለቻት።

ማስታወቂያው ከኮርት በፖስታ ከመድረሱ በፊት ፅጌረዳ ከእሷ አፍ መስማት አለባት ብላ ቆረጠች። ፅጌረዳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ለምሳ የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቃ ሄደችና አጠገቡ ያለ መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወሬውን አላዞረችውም፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻት። ፅጌረዳ ሳንድዊቿን እንደያዘች ሳትነክሰው ቀረች።

«እና ያንቺን እኔ ልከፍል ነው?»

«አዎ። በዕቁቡ ደንብ አዎ።»

«ኮንዶ ልገዛ ስቆጥብ እንደኖርኩ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«ከኮርቱ በፊት ለምን ቀስ እያልሽ አትከፍዪኝም? ማን ያያል?»

«ለወዳጅ ከፍለሻል ወይ ብለው በመሐላ ይጠይቁኛል፣ ፅጌ። ከኮርቱ በኋላ እከፍልሻለሁ። ያ አይከለከልም ብለውኛል።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለች ፅጌረዳ። ሳንድዊቹን ወረቀቱ ውስጥ መልሳ ጠቅልላ ተነሣች። «ስሜን ከነዚያ ካርዶች ጋር ደርድረሽ ልትጽፊው ነው?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

እሑድ ለዕቁቡ መንገር ከዚያ ይቀል ነበር ማለት አይቻልም። ምግብ ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው መዋጮ እየተቆጠረ ሳለ ቆማ ተናገረች። ፅጌረዳ ጥግ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። አንዷ «ስማችንን ለመንግሥት?» ብላ ጮኸች፤ ሌላዋ «ዕቁብ ኮርት ገብቶ ያውቃል?» አለች። እትዬ የሺሃረግ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙ።

«የሚጻፈው የማን ስም ነው?» ብለው ጠየቋት።

«የእርስዎ፣ እንደ ሰብሳቢ። እና የፅጌረዳ። የሌላ ሰው ስም አይነሣም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።»

«የኔን አድራሻ በትክክል ጻፊው። አፓርትመንት ቁጥሬን ሰው ይስተዋል።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይሄ ዕቁብ ሲቋቋም ጀምሮ አለሁ። ሳይከፍሉ የጠፉ ነበሩ፤ ስልክ ቀይረው ቴክሳስ የገቡ ነበሩ። ቆሞ የነገረን ሰው ግን አላስታውስም። ደንቡ ግን ደንብ ነው። ፅጌረዳ፣ ትከፍያለሽ?» አሉ።

ፅጌረዳ ቀና ሳትል «እከፍላለሁ» አለች። የወርቅውሃ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከዕቁቡ ወጣች። ፅጌረዳም እሷ ስትደውል ስልክ ማንሳት አቆመች።

ፎርሙ ተሞልቶ አለቀ። ከማስገባት በፊት መውሰድ ያለባትን የብድር ምክር ኮርስ በኢንተርኔት ወሰደች። ኦክላንድ ያለው ኮርት መስኮት ላይ ቆማ የወረቀቱን ክምር ስትሰጥ ጸሐፊው ልጅ አገላበጠው።

«ይሄኛው ሳጥን ባዶ ነው» አላት።

«ምን ብዬ ልሙላው?»

«እሱን መንገር አይፈቀድልኝም፣ እመቤት። ባዶ መሆኑን ብቻ ነው የምነግርዎት።»

«እሺ፤ ‹የለኝም› ብዬ ብጽፍበት አሁንም ባዶ ነው?»

ልጁ ፈገግታውን እየዋጠ፣ «ያኔማ ባዶ አይሆንም» አላት። የኮርሱን ምስክር ወረቀትም ቤት ረስታው ስለነበር በተሰጣት ቀነ ገደብ ውስጥ ተመልሳ አስገባች። የማመልከቻውን ክፍያ በየጊዜው ከፋፍላ እንድትከፍል ጠይቃ ተፈቀደላት። የመዝገብ ቁጥሯን ይዛ ወደ ቴሌግራፍ በእግሯ ስትመለስ ዳሌዋ ያማት ነበር። ግን አውቶቡስ አልጠበቀችም፤ መሄድ አማራት። በሚቀጥለው ደመወዝ ቀን ካፍቴሪያ ውስጥ ፔይቼኳን ከፍታ ስታይ የተቆረጠ ነገር አልነበረም። ኃላፊዋን አቀፈቻት፤ ሴትዮዋም ምን እንደሆነ ሳይገባት መልሳ አቀፈቻት።

ቀጥሎ ያለው ባለዕዳው በመሐላ የሚጠየቅበት ስብሰባ ነው። አሁን አሁን ይህ በዙም ነው የሚደረገው። የወርቅውሃ ሳን ሆዜ ሄዳ የሳሌም ኮምፒውተር ፊት የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ ብታውቅም በመሐላ ቃል እንዳትሳሳት አስተርጓሚ ጠይቃ ነበርና አንድ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ገባ። ጥያቄውን የሚመራው ኮርቱ የመደበው ባለአደራ፣ ትረስቲ የሚሉት፣ ቀጭን ረጋ ያለ ሰው ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ሰዎች ቶሎ ቶሎ ተጠይቀው አለፉ። ከጠበቃ ጋር ያልተቀመጠች እሷ ብቻ ነበረች። ሳሌም ከካሜራው ውጭ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ቁርጭምጭሚት ይዛ ነበር።

መታወቂያዋን አሳየች፤ ማለች። ወረቀቱን ማን እንደሞላው ተጠየቀች።

«እኔ።»

«ማንም ገንዘብ ተቀብሎ አልረዳዎትም?»

«ማንም።»

«ይሄ ዕቁብ የሚለው ምንድን ነው?»

አስረዳችው፤ አስተርጓሚውም ተረጎመ። ትረስቲው ራሱን ነቅንቆ፣ «በዚህ ዓመት ውስጥ ለዘመድ ወይም ለወዳጅ የከፈሉት ዕዳ አለ?» አለ።

«የለም። ልከፍል ፈልጌ ነበር፤ አይሆንም ስላሉኝ ተውኩት።»

ትረስቲው የሆነ ነገር ጻፈና፣ «ዕዳ ጠያቂ የሆነ ሰው አለ በስብሰባው ላይ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ለሁሉም ሲጠይቅ ነበር፣ ሁሌም ጸጥታ ነበር የሚመልስለት። አሁን ግን አንዲት ጥቁር ሳጥን በራች፣ የፋርማሲ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ፊት ታየ።

«አለሁ» አለች ፅጌረዳ። «ዋሷ ነኝ።»

የወርቅውሃ ክው አለች። ፅጌረዳ ስሟን ካስመዘገበች በኋላ በአማርኛ ጠየቀች፦ «ዕቁቡን ስትወስጂ፣ እኔ ስፈርምልሽ፣ እንደማትከፍዪ ታውቂ ነበር?»

አስተርጓሚው ለትረስቲው በእንግሊዝኛ ተረጎመው። ትረስቲው የወርቅውሃን እንድትመልስ ምልክት ሰጣት።

«አላውቅም ነበር» አለች። «ስድስት ልጆች ለመስከረም ተመዝግበውልኝ ነበር። የወላጆቻቸው ፊርማ ከወረቀቴ ጋር ገብቷል። ከወሰድኩ በኋላም እስከተቻለኝ ድረስ መዋጮዬን ከፍያለሁ። እንደማልከፍል ባውቅ ኖሮ አንቺን አልጠራም ነበር። ሌላ የምጠራው ሰው አጥቼ አይደለም፤ አንቺን የጠራሁት ስለማላሳፍርሽ ነበር። አሳፈርኩሽ።»

አስተርጓሚው ለትረስቲው ተረጎመው። ፅጌረዳ ወደ ትረስቲው ዞረች።

«አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ካለቀ በኋላ ወድዳ ብትከፍለኝ ኮርቱ ይቀጣታል?»

ትረስቲው፣ «ሕግ ላማክርዎት አልችልም፣ እመቤት» አለ። «ግን ዕዳው ከተሰረዘለት በኋላ ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ቢከፍል የሚከለክል ሕግ የለም።»

«እሺ፤ እውነቷን መሆኑን ለማወቅ ነው» ብላ ፅጌረዳ ካሜራውን አጠፋች። ትረስቲው ስብሰባው ማለቁን ተናግሮ፣ «ወረቀትዎ የተሟላ ነው» ብሎ አሰናበታት። ሳሌም ከወለሉ ተነሥታ እናቷን አቀፈቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገች፣ «ጎበዝ ነሽ፣ ማሚ» አለቻት።

ከዕዳ ነጻ የሚያወጣው ትእዛዝ በጸደይ ወራት በፖስታ መጣ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ብዙም አላነበበችውም። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ከደመወዟ የተረፋትን ለፅጌረዳ በስልኳ በዜል ላከችላት። ትንሽ ነበር። መልሱ በቴክስት መጣ፦ «ደርሷል።» በሚቀጥለው ወርም «ደርሷል።» በሦስተኛው ወር፣ «ደርሷል። እግርሽ እንዴት ነው?» በበጋው ፅጌረዳ ራሷ ኮል አድርጋ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ስታማርር ቆየች፤ የወርቅውሃም በየመሃሉ «ወይ ጉድ» ትላት ነበር።

ክፍያው ረጅም ጊዜ ፈጀ። ፅጌረዳ ኮንዶዋን የገዛችው ካሰበችው ዘግይታ፣ ካሰበችውም በጠበበ ቦታ ነው፤ ይህንን እስከ ዛሬ ሳትደብቅ ታነሣዋለች። የወርቅውሃም አትከራከራትም። የመጨረሻዋን ዶላር የላከችላት ዕለት ፅጌረዳ አዲሱ ቤቷ ምሳ ጠራቻት፤ ዕቃ ገና በካርቶን ነበር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነው የበሉት። ስለ ዕቁቡ አንድም ነገር አልተነጋገሩም።

እትዬ የሺሃረግ ግን ነገሩን አነሡት። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ጠርተዋት፣ «አዲስ ዙር ልንጀምር ነው። ትገቢያለሽ?» አሏት።

«ማን ዋስ ይሆነኛል እትዬ?»

«እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ትገቢያለሽ ወይ ብዬ ነው።»

የወርቅውሃ ትንሽ አሰበችና፣ «ዕጣ ውስጥ አታስገቡኝ፤ የመጨረሻውን ልውሰድ» አለች። የመጨረሻውን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሁሉንም ከፍሎ ስለሚጨርስ ዋስ አያስፈልገውም። እትዬ የሺሃረግ «ተመዘገበ» አሉ።

አሁን የወርቅውሃ ከካፍቴሪያው ሥራ መልስ ከትምህርት ቤት የሚመጡ ጥቂት ልጆችን ታቆያለች። ነገሩን ቆማ ስለተናገረች ቴሜስካል ውስጥ ያልሰማ የለም። አንዳንዱ ያማታል፤ ሌላው ግን በጎን ይመጣል። ባለፈው ቡልቻ የሚባል ኡበር ነጂ በሯ ላይ መጥቶ፣ ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን እያየ፣ ፎርም ትሞላልኝ እንደሆን ጠየቃት።

«መሙላት አልችልም። ጠበቃ አይደለሁም፣ ያስጠይቀኛል» አለችው። «አንተ ስታነብ ግን ጎንህ እቀመጣለሁ። ያልገባህን እናከብበዋለን። የሚያስረዱበትን ቦታ አሳይሃለሁ።»

ቅዳሜ ላይብረሪ ተገናኙ። ቡልቻ እያነበበ ሄዶ ስለ ዕዳ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመኪናው ቅድሚያ ክፍያ ያበደረኝ የአጎቴ ልጅ አለ። እሱንም ልጻፈው?» አላት።

«ጻፈው።»

«ደብዳቤ ሲደርሰው ይገድለኛል።»

«ደብዳቤው ሳይደርሰው ሂድና ንገረው።»

ቡልቻ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ። ከዚያ የት እንዳለ ለማወቅ ለአጎቱ ልጅ ደወለለት። «ሄይዋርድ ነኝ» አለው። የወርቅውሃ ወረቀቱን ሰብስባ በፎልደር አድርጋ ሰጠችውና፣ «ቀስ ብለህ ንዳ» ብላ ሸኘችው።